ሦስት ክንድ ተኩል

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ሥራ ብሎን መፍታት ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ከትምህርት ቤት ገብቼ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ባሌ ከግቢው ጥግ ጠራኝ። መኪናዋ ሥር በጀርባው ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታያል። ረጅም ሰው ስለነበር የሚታየው እግር ብዙ ነው። ከላይ ሆኜ የብሎኑን ራስ በቁልፍ እንድይዝለት ነበር የፈለገኝ፤ እሱ ከሥር ዳዶውን ያዞራል። እኔ ካልያዝኩ ብሎኑ አብሮ ይዞራል።

"ያዝሽ?"

"ይዣለሁ።"

"አልያዝሽም፤ እየዞረ ነው።"

"የምታዞረው አንተ ነህ።"

"እህ! የአስተማሪ ነገር፤ ጥፋቱ ሁልጊዜ የተማሪው ነው።"

ስምንት ብሎኖች ነበሩ። ዝገቱ እንዲላላ ለሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ናፍጣ ሲያጠጣቸው ሰንብቷል። ስድስቱ እያቃሰቱ ተፈቱ፤ ሁለቱ እምቢ አሉ። የተፈቱትን በባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ ከተታቸው። ሁለቱን በሚመጣው ሳምንት በያጅ ይቁረጣቸው አለና ከመኪናዋ ሥር ወጣ። ፀጉሩ ላይ የዝገት ብናኝ ነበረበት። አራገፍኩለት።

መኪናዋ ነጠላ ጋቢና ያላት አሮጌ ነጭ ፒካፕ ናት። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል፣ አንዳንዴም እስከ መራዊ፣ የገበሬ ጭነት ያመላልስባት ነበር፤ በጋ በርበሬና በቆሎ፣ ክረምት ሲቃረብ ማዳበሪያ። የኋላ የጭነት ሳጥኗን፣ ካሶኒዋን፣ የበላው ይኸው ማዳበሪያ ነው። ከተቀደደ ከረጢት የፈሰሰው በየስንጥቁ ገብቶ፣ ከዝናቡ ጋር ሟሙቶ፣ ላሜራውን እንደ ወንፊት አደረገው። አንድ ጊዜ ከቡሬ በቆሎ ጭነን ስንመጣ አንዱ ጆንያ ከሥሩ ተቀዶ ኖሮ፣ በካሶኒው ቀዳዳ እየፈሰሰ መንገዱን ሁሉ ሲዘራ መጣ። እኛ አላየንም። ፍኖተ ሰላም ስንገባ ጆንያው ግማሹ የለም። የበቆሎው ባለቤት ከኋላ በባጃጅ ደርሶ ወረደና፣ "ጉድ በሉ! ከቡሬ እስከዚህ ያለ ዶሮ በሙሉ የእኔን ምሳ በላ!" አለ። ባሌ እስኪያነባ ሳቀ፤ ከራሳችን ጎተራ ሞላለት። ካሶኒው ይነሣ የተባለው ያን ዕለት ነው።

በምትኩ ሌላ ካሶኒ አልፈለገም። ሻንሲው ላይ ጠፍጣፋ የእንጨት ወለል ይነጠፋል አለ። በርበሬ ክብደት የለውም፤ የሚበላው ቦታ ነው። አሮጌው ካሶኒ ደግሞ ጎኖቹ ጠባብ፣ ከጎማዎቹ በላይ ያበጠው ብረት ወደ ውስጥ የገባ፣ ጆንያ እንደ ልብ የማያስተኛ ነበር። እንጨቱ አለ። ከጅጋ ወደ ቋሪት በሚወጣው መንገድ ላይ ባለው የአባቱ ቦታ ነፋስ የጣለው አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበር። እሱና ታላቅ ወንድሙ ግንዱን ለሁለት ተካፍለውታል። የታችኛው ጉማጅ ለመኪናዋ፣ የላይኛው ለወንድሙ ቤት በር። ሁለቱም ደርቀው የሚሰነጥቃቸውን ይጠብቃሉ። ሰንጣቂው የዚያው አገር ሽማግሌ ነው።

ዓርብ ዕለት ብሎኑን ፈተን እንደጨረስን አንድ አጣና አመጣና በመኪናዋ አግድም፣ ከጎማ ጎማ አጋደመው። ክርኑን ጫፉ ላይ አሳረፈና እስከ መሃል ጣቱ ጫፍ ለካ። አንድ። ሁለት። ሦስት። እዚያ ቆመና አሰበ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ በዓይኑ አንድ ነገር የሚያስቀምጥ ይመስል ነበር።

"ሦስት ተኩል" አለ።

"ሜትር ቦርሳዬ ውስጥ አለ" አልኩት።

"ሰውየው ሜትር ምን ያደርግለታል? ክንድ ብለሽ ጻፊ።"

ከተማሪ ደብተር ላይ ቅጠል ቀድጄ ጻፍኩ፤ "የጣውላው ርዝመት ሦስት ክንድ ተኩል፤ ብዛቱ አሥራ ሁለት።" ለምን ሦስት ተኩል እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም። ቅዳሜ ወንድሙ ለገበያ መጥቶ ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ።

ማክሰኞ ጠዋት ባሌ ጫማውን ሊያስር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጎንበስ እንዳለ ሞተ። ልብ ነው አሉ። አንደኛውን እግር አስሮ ነበር።

ያ አጣና በቀብሩ ዕለት ለለቀስተኛው ወጥ ማብሰያ ነደደ። ማን እንደፈለጠው አላየሁም፤ ባይም ኖሮ ምንም የምለው አልነበረኝም። አጣና ነው። ያኔ አጣና ብቻ ነበር።

ልጅ አልወለድንም። ስለዚህ የቤቱን ነገር ሁሉ የሚመክረኝ የባሌ ታላቅ ወንድም ሆነ። ክፉ ሰው አይደለም። የገጠር ሥራውን ጥሎ በየሳምንቱ ይመጣል፣ አጥሩን ያያል፣ እንጨት ይፈልጣል። ግን በመጣ ቁጥር መኪናዋን ቆሞ ያያታል። ካሶኒዋ ሁለት ብሎን ላይ ተንጠልጥሎ፣ ናፍጣዋ ሥሯ ላይ ደርቆ።

"እቴ" አለኝ አንድ ቀን፤ "መኪና እንደ በሬ ነው፤ ቆሞ ከዋለ ይከሳል። ቡሬ አንድ ሰው ካሶኒ ባይኖራትም እወስዳታለሁ ብሏል። ከተዝካሩ በኋላ ይምጣ ልበለው?"

"ጣውላው ይድረስና።"

"ጣውላው ለማን ይሆናል? ማን ሊነዳት?"

መንጃ ፈቃድ አለኝ። ባሌ ነው ተማሪ ብሎ የገፋፋኝ፤ ካወጣሁም ዓመታት አልፈዋል። ግን የነዳሁት ባዶዋን፣ እሱ ከጎኔ ተቀምጦ፣ በቀጥታ መንገድ ነው። ያን ለወንድሙ ብነግረው የሚስቅብኝ መሰለኝ። ያለ ወለል የምትሸጥ መኪና ደግሞ የባሌን አሳብ ግማሽ መንገድ ላይ ጥላ የምትሄድ መሰለችኝ። የፈለግኩት ይኼን ብቻ ነበር፤ እሱ በዓይኑ ያያትን መኪና እኔም በዓይኔ ማየት። ከዚያ በኋላ ብትሸጥም ትሸጥ።

ቡሬ መውጫ አስፋልቱ ዳር የሚሠራ አንድ በያጅ አለ፤ የባሌ ወዳጅ ነው፣ ወጣት፣ አፉ የማያርፍ። ማሽኑን ይዞ ቤት ድረስ መጣ። ሁለቱን ብሎኖች ጎንበስ ብሎ ሲያይ፣ "እትዬ፣ እነዚህ እኮ ከሻንሲው ጋር ተጋብተዋል፤ ያለ ፍርድ ቤት አይለያዩም" አለ። ከዚያ ጥቁር ልብሴን አየና ምላሱን ነከሰ። ሳቅሁ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እሱ ግን ብዙ እንደበደለኝ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ቆረጣቸው። አራት ሰዎች ካሶኒውን አንሥተው በአጥሩ ጥግ አስቀመጡት። አራት ሰዎች ከባድ ነገር በአንድ እርምጃ ተሸክመው ሲሄዱ ማየት ያኔ አልቻልኩም፤ ወደ ቤት ገባሁ።

ጣውላው የመጣው ባሌ በሞተ በሃያ አምስተኛው ቀን ነው። ወንድሙ ከሌላ ሰው ጭነት ጋር አስጭኖ አመጣው። አሥራ ሁለት ጣውላ፣ ቡናማ፣ ልስልስ፣ ሽታው ግቢውን የሞላ። በያጁ አንዱን አንሥቶ ሻንሲው ላይ አጋደመው። ሌላ አጋደመ።

"እትዬ" አለ፤ "ይኼ ለጋሪ ነው እንዴ የተሰነጠቀው? ጎማዋን እንኳ አይሸፍንም።"

እውነቱን ነው። ጎማዎቹ በሁለቱም በኩል ወጥተው ይታያሉ፤ ትልቅ ሰው የልጅ ጋቢ ለብሶ እግሩ እንደወጣ። ወንድሙ ባርኔጣውን አወለቀ።

"አላልኩሽም እቴ? ይበቃል ሲል ነው እግዜሩ።"

ጥፋቱ የእግዜር አልነበረም። የእኔ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር ዓመታት አልፈውኛል። በየዓመቱ አንድ ትምህርት አለ፤ ልጆቹን አሰልፌ ጥቁር ሰሌዳውን በየክንዳቸው አስለካቸዋለሁ። አንዱ ስድስት ይላል፣ አንዷ ሰባት ትላለች፣ ይጯጯሃሉ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፤ "ክንድ ከሰው ሰው ስለሚለያይ በሜትር እንለካለን።" ይኼን ስጽፍ የኖርኩ ሴት፣ ሜትሩ ቦርሳዬ ውስጥ እያለ፣ ክንድ ብዬ ጽፌ የማን ክንድ እንደሆነ ሳልጽፍ ሰደድኩ። የእሱ ክንድ እስካለ ድረስ ሌላ ክንድ መኖሩ ትዝ አላለኝም።

በያጁ "ጎማዋን እንዲሸፍን አድርገን የሆነ ልክ እንውሰድ፤ አንድ ሰባ፣ አንድ ሰባ አምስት ይበቃታል" አለ። የሆነ ልክ። ባሌ ግን የሆነ ልክ አልነበረም የወሰደው። ሦስት ላይ ቆሞ አስቦ ነበር።

ሰንጣቂው ዘንድ ራሴ ልሂድ አልኩ። አርባው ሳይወጣ ሐዘንተኛ መንገድ ትወጣለች ወይ ብለው ጎረቤቶቼ አጉረመረሙ። ወንድሙም አልወደደውም፤ ግን ብቻዬን አልሰደደኝም። በሚኒባስ ጅጋ ደርሰን ከዚያ ወደ ላይ ወጣን።

ሰንጣቂው ከደጁ የግንድ ፍልጥ ላይ ተቀምጦ መጋዙን ይሞርዳል። ቁመቱ ትከሻዬ ጋ አይደርስም። ሲያየኝ ተነሥቶ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ፤ ወጉን አድርሰን ተቀመጥን። ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኩት። ደነገጠ። ወረቀቱን ከቆቡ ሥር አውጥቶ ሰጠኝ።

"ማንበብ አልችል። ዲያቆኑ ነው ያነበበልኝ። ሦስት ክንድ ተኩል ይላል አለኝ። እኔ ያለኝ ክንድ ይኸው ነው ልጄ" ብሎ ዘረጋው። አጭር፣ ጅማቱ የወጣ ክንድ ነው።

"የእርስዎ ጥፋት አይደለም አያ። ያላስተዋልኩ እኔ ነኝ።"

"አንቺስ ምን አጠፋሽ? በእኛ አገር ወረቀት አይደለም የሚያስሰነጥቅ። ወረቀቱ ይቀድማል፣ ባለቤቱ ይከተላል። መጥቶ ግንዱ ላይ ክንዱን አጋድሞ ያሳየኛል፣ እኔ በከሰል ምልክት አደርጋለሁ። አባቱም እንዲያ ነበሩ። ይመጣል ብዬ ጠበቅሁት። የመጣው መርዶው ነው።"

"ታዲያ ለምን ሰነጠቁት?" አለ ወንድሙ።

"የሞተ ሰው ቃል ሜዳ ላይ ይደር? ያዘዘው ሳይደርስለት አርባው ይውጣ? መጋዙን የምስብለት እኔ፣ ክንዱም የእኔ ይሁን ብዬ ሰነጠቅሁት። አሁንም ችግር የለው፤ ግንድ ካገኛችሁ ክንዱን አምጪልኝና..."

አፉን በመዳፉ ያዘ። መጋዙን አንሥቶ እንደገና መሞረድ ጀመረ፤ እጁ ሌላ የሚያደርገው ስላጣ ነው።

በማግሥቱ ቤት ሆኜ የተማሪ ደብተር አርማለሁ። የማርምበትን ጠረጴዛ ባሌ ነው የሠራልኝ። ሲሠራው ትዝ ይለኛል፤ "ሁለት ክንድ ተኩል በአንድ ክንድ ተኩል፤ ለሃምሳ ደብተርና ለአንድ ሻይ ይበቃል" ብሎኝ ነበር። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። ከቦርሳዬ ሜትሩን አወጣሁ። የጠረጴዛው ርዝመት መቶ ሃያ ሰባት ሳንቲሜትር ከግማሽ። ለሁለት ተኩል አካፈልኩት። ሃምሳ አንድ። ወርዱ ሰባ ስድስት ከግማሽ። ለአንድ ተኩል አካፈልኩት። ሃምሳ አንድ። አላመንኩም። የጓዳውን በር የገጠመው ራሱ ነው፤ አራት ክንድ ነው ይል ነበር፤ ራሴን ዝቅ ሳላደርግ የምገባበት በር ይኼ ብቻ ነው እያለ ይፎክርበት ነበር። ወንበር ላይ ወጥቼ ለካሁ። ሁለት ሜትር ከአራት ሳንቲሜትር። ለአራት ሲካፈል ሃምሳ አንድ ነው።

ወንበሩ ላይ እንደቆምኩ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ወረድኩና በደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ "ክንዱ ሃምሳ አንድ ሳንቲሜትር ነው።" ነበር ብዬ አልጻፍኩም።

ከአጥሩ አንድ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ ዘንግ ቆርጬ፣ ላጥኩና ልክ በሃምሳ አንድ ላይ አስተካከልኩት።

ለተዝካሩ ዳስ ሲጣል መቀመጫ አነሰ። አጫጭሮቹን አሥራ ሁለት ጣውላዎች ድንጋይ ላይ አጋድመን አግዳሚ አደረግናቸው። ካህናቱ ተቀመጡባቸው፣ የማኅበር ጓደኞቹ ተቀመጡባቸው። ሰንጣቂውም ከቋሪት መጥቶ በራሱ ጣውላ ላይ ተቀመጠ፤ በልክ ሆነለት፤ እግሩ መሬት ይነካ ነበር።

ሰው ሲበተን ከሰዓት በኋላ ወንድሙ ለብቻው ዳሱ ውስጥ ቀረ። የቡሬው ሰው በሚመጣው ሳምንት መኪናዋን እንዲያይ ቀጥሮት እንደነበር አውቃለሁ። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩና ዘንጉን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"ክንዱ ነው" አልኩት። እንዴት እንዳገኘሁት ነገርኩት፤ ጠረጴዛውን፣ በሩን።

እጀ ጠባቡን ሰብስቦ ክርኑን በዘንጉ ጫፍ አሳረፈ። ጣቶቹን ዘረጋ። ዘንጉ ከመሃል ጣቱ ጫፍ ትንሽ አለፈ። ደግሞ ሞከረ፤ ጣቱን ሳበ። አለፈ።

"በልጦኛል" አለ። "ታላቁ እኮ እኔ ነኝ። ከብት ስንጠብቅ ክንድ ለክንድ እየተለካካን ሁልጊዜ እበልጠው ነበር። መቼ ነው የበለጠኝ?" መጀመሪያ የሚስቅ መስሎኝ ነበር። ዓይኑን በነጠላው ጫፍ ጠረገ። ዘንጉን ግን አልመለሰልኝም።

"የላይኛው ጉማጅ የእኔ ነው" አለ ቆይቶ። "ሳይነካ ተቀምጧል።"

"የቤትዎ በርስ?"

"በቆርቆሮ በር ይኼን ያህል ዘመን ኖሬአለሁ፤ ሌባ ገብቶ አያውቅ። ቢገባስ ምን ሊወስድ ነው? እኔን?" ተነሣ። "ነጂዋ ማን ነው? ለቡሬው ሰው የምለውን ልወቅ።"

"እኔ ነኝ።"

አየኝ። አልሳቀም። ከዱላው ጋር ዘንጉን በአንድ እጁ ይዞ ከሰንጣቂው ጋር ወጣ።

አዲሶቹ ጣውላዎች ሲመጡ ዘንጉ ከላይ በልጥ ታስሮ አብሮ መጣ፤ በከሰል የተነካካ፣ የሠራ ዘንግ ሆኖ። በያጁ የብረት ማቀፊያ በየዳርቻው በየደ፣ ጣውላዎቹን ቅባት አጠጣ። ከወተት ጣሳው ስድስቱን ብሎኖች አጽድቼ ሰጠሁት፤ "እነዚህማ ገና ወጣቶች ናቸው" ብሎ መልሶ አሰራቸው። ሁለቱን አዲስ ገዛን። አሮጌው ካሶኒ አሁንም በአጥሩ ጥግ አለ፤ ዝገቱ በየቀዳዳው ሣር አብቅሏል፤ የጎረቤት ዶሮ ትተኛበታለች። ከበቆሎው ቀን ጀምሮ የዶሮ ዕዳ የለብንም ይል ነበር ባሌ፤ አሁን ቤትም ሰጠናቸው።

የመጀመሪያው ጭነቴ ከቡሬ በርበሬ ነበር። ወንድሙ ባሌ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ፣ ከእኔ ጎን ተቀምጦ፣ በየመታጠፊያው በሩን ጨብጦ ሄድን። ቡሬ ላይ ጫኞቹ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ከመሪው ስትወርድ አይተው፣ "እመቤት፣ ሹፌሩ የታለ?" አሉ። ወንድሙ ቀደመኝ፤ "እቺው ናት፤ ጫን!" አላቸው።

የመጀመሪያውን ጆንያ በአንድ ጎን አስተኙ። ሁለተኛውን አጠገቡ። ሦስተኛውን ሲያስተኙ የወለሉ ወርድ ሞላ፤ ከዚህም ከዚያም የወጣ የለም፤ በመካከልም የቀረ ቦታ የለም። ሦስት ሙሉ የበርበሬ ጆንያ፣ ጎን ለጎን። በአንድ ሰባ ቢሆን የሦስተኛው ጠርዝ ውጭ ይንጠለጠል ነበር። ዓርብ ዕለት አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ አጣናው ላይ በዓይኑ ሲያስቀምጥ የነበረው ይኼን ኖሯል። ጫኞቹ ሁለተኛውን ረድፍ ሲጀምሩ እኔ ከጎማዋ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ሸራውን እስኪያለብሱት ከዚያ አልተነቃነቅኩም።

አሁን ከሰኞ እስከ ዓርብ አስተምራለሁ። ቅዳሜ፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ፣ መኪናዋን እነዳለሁ፤ በርበሬ ሲሆን በየረድፉ ሦስት ሦስት ጆንያ እጭናለሁ።